ሰማያዊው ብናኝ

የልብስ ማድረቂያው ማሽን ይሽከረከራል እንጂ አይሞቅም ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ አስናቀው ፊውዙን በቴስተር ሲነካው ተቃጥሎ አገኘው። ከበሩ ሥር ማጣሪያውን ቢስበው ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ የልብስ ብናኝ ይዞ ወጣ።

«ይህን ጠርገውት አያውቁም፣ እማማ?»

«እኔማ ፍራሹ መስሎኝ! ደግሞ ማሽን ፍራሹን ይገፈፋል?»

አስናቀው ሳቀ። «አየሩን አፍኖ ፊውዙን ያቃጠለው ይሄ ነው። አዲስ ስገጥምልዎ ይሞቃል።»

«አብሽር፣ የኔ ልጅ። ልጄ ፈርሂያዬ ጅዳ ስትሠራበት የኖረችው ነው። ‹እኔ እስክመጣ በመካነ ሰላም ጭጋግ እርጥብ ልብስ አትልበሺ› ብላ ላከችው። ይኸው እሱ መጣ፣ እሷ ቀረች።»

ፊውዙን ቀይሮ ብናኙን ሊጥል ሲል እናትየዋ እጁን ያዙት። ላዩ የጋቢና የነጠላ ነጭ ነበር። ከሥሩ ግን በዚያ ቤት ማንም የማይለብሰው ስስ ሰማያዊ ተነጥፏል፤ ፈርሂያ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶዋ የለበሰችው የሥራ ልብስ ቀለም። እናትየዋ ሰማያዊውን ለይተው አነሱና ጥጥ እንደሚፈትል ሰው በጣታቸው ሳብ፣ ጠምዘዝ ያደርጉት ጀመር።

«ሞቋል፣ እማማ! እጅዎን ያስገቡ።»

አልሰሙትም። ከጣታቸው መሐል ስንዝር የማይሞላ ሰማያዊ ክር ወጥቶ፣ እንዳይበጠስባቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።