ቁምጣ ለባሾቹ

«ቀስ» ይላል ሰዕድ፤ ሚስቱ መስቱራ ግን አልበሙን እንደ ሽንኩርት ጆንያ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ ታደርገዋለች።

ቀስ የምትልበት ምክንያት አይታያትም። ድሮ ከማስቲካ ጋር ይሸጡ የነበሩ የኳስ ተጫዋቾች ካርዶች ናቸው። ባሏ ትራም ከመንዳት የተረፈውን እረፍት ሁሉ በየትምህርት ቤቱ የአሮጌ ዕቃ ገበያ እየዞረ ሲለቅማቸው ኖሯል። እሷ «ቁምጣ ለባሾቹ» ትላቸዋለች። የሰው ባል ወሎ ላይ ቤት ይሠራል፤ የሷ ባል ፀጉራም እግር ይሰበስባል። ከታመመ ወዲህ መልቀሙን ትቷል፤ እሱንም የምላሷ ድል አድርጋ ቆጥራዋለች።

ዛሬ ይለይለታል። ልጃቸው ሩሚሳ ልትወልድ ነው፤ የምትታረሰው እዚሁ ኖርዌይ፣ ሃውገሩድ ሰፈር፣ እናቷ ቤት ስለሆነ፣ ካርዶቹ የሞሉት ትንሿ ክፍል መለቀቅ አለባት። መስቱራ ይሸጡ ትላለች። ሰዕድ መጀመሪያ ባሉበት ይቀመጡ አለ፤ ሲጨንቀው ደግሞ በመስታወት አሠርተን ሳሎን እንስቀላቸው አለ። የካዕባ ሥዕል ባለበት ሳሎን ቁምጣ! ገዢ ልጥራ ባለችው ቁጥር፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መልሱ «ናይ፣ አይሆንም፣ ተያቸው» ብቻ ነው። ቋጣሪ ሽማግሌ። ስለዚህ ሳትነግረው ራሷ ደወለች።

የመጣችው ኤማ የምትባል የአሮጌ ካርድ ነጋዴ ናት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ስስ ጓንት አጥልቃ ትቀመጣለች። ለማስቲካ ወረቀት ጓንት! መስቱራ ከንፈሯን ታጣምማለች።

ኤማ አንዱን ካርድ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዞረዋለች። ሌላ ታነሳለች። ከዚያ ጓንቷን ታወልቅና፣ ማን ነው ላሚኔት ያደረጋቸው ብላ በኖርዌይኛ ትጠይቃለች።

መስቱራ ደረቷን ነፍታ እኔ ነኝ ትላለች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሰዕድ ልቡን ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ፣ እጇ ሥራ ፈትቶ አላስችል ሲላት፣ ከምትሠራበት ባርነሃገ፣ ከሕፃናት ማቆያው፣ ማሽኑን ተውሳ አንድ በአንድ በፕላስቲክ አሸገቻቸው። ደሴ ላይ መታወቂያም ሆነ የልደት ወረቀት፣ የከበረ ወረቀት ሁሉ የሚጠበቀው እንደዚያ ነው። ጥጋቸውንም፣ በባርነሃገው ለሕፃናቱ እንደምታደርገው፣ እንዳይወጋ በመቀስ ክብ አድርጋ ከረከመችው። ቁምጣ ለባሾች ቢሆኑም የሰው ልፋት ናቸው። ሰዕድ ከሆስፒታል ሲመለስ ብዙ አያቸውና «እጅሽ ይባረክ» አለ። ያን ሁሉ ለደከመች ሴት አንዲት ምርቃት! እሷንም አልረሳችለትም።

ኤማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታስረዳለች። ፕላስቲኩ በሙቀት ስለተጣበቀ ወረቀቱን ሳይቀድ አይላቀቅም፤ ጥጉ የተቆረጠ ካርድ ደግሞ ማንም አይገዛም። ሳይነኩ ቢቀመጡ ኖሮ የዚህ አልበም ዋጋ ብቻውን መኪና ይገዛ ነበር። አዝናለሁ ትላለች።

መስቱራ የሰማችው ማንም አይገዛም የሚለውን ብቻ ነው፤ ለአፍታ ደስ ይላታል። ለባሏ፣ ሰማህ፣ ሲጀመርም ቆሻሻ ነው ብዬህ ነበር ልትለው ትዞራለች። ሰዕድ ግን አልደነገጠም። የሚያየው ካርዶቹን ሳይሆን እሷን ነው፤ ደረጃ ላይ እንዳትወድቅበት እንደሚጠብቃት ሰው።

«ተያት፣ መስቱዬ» ይላል። «ነጋዴ ከመጥራት ግድግዳው ላይ ብንሰቅላቸው ይሻለን ነበር።»

«ታውቅ ነበር?»

«ያ፣ አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሆስፒታል ከወጣሁበት ቀን።»

አሥራ አንድ ዓመት ቋጣሪ ስትለው ኖራለች። ታፍራለች፤ ማፈሯ ደግሞ ያናድዳታል።

ኤማ በሩ ጋ ጫማዋን እያሰረች ነው። መስቱራ አንዱን ካርድ ታነሳና አውራ ጣቷን በጥጉ ላይ ታሳልፋለች። ክብ ነው፣ ልስልስ ያለ። የትም ቦታ አይወጋም።