ውሃውን የሚሸከመው

«አባትሽን በዪው፣ ውሃውን ግመል ይሸከመዋል ብሎ ካሰበ ግመሉ እኔ አይደለሁም።»

እናትየዋ ይህን ያለችው ዓይኗን ከካርታው ሳታነሳ ነበር። ልጅቷ ጫማዋን አጥልቃ ግቢውን አቋርጣ ወደ መስፊያ ክፍሉ ሄደች። አባትየው ሸራ ሰፊ ነው፤ የጭነት መኪና ሸራና ድንኳን ይሰፋል። ክፍሉ ከግቢው ጥግ ነው። ሬዲዮው ጠዋትም ማታም አይዘጋም።

ልጅቷ ተመለሰች። «ውሃውን እኔ እሸከመዋለሁ አለ።»

«እሱ ነው እንዲህ ያለው?»

«አዎ።»

«አሞታል እንዴ?» አለችና እናትየዋ ወደ ካርታው ተመለሰች።

ጉዞው የቆየ ሐሳብ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሦስቱም ረጅሙን የበረሃ መንገድ በእግራቸው ሊያቋርጡ፣ ሲመሽ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ። ምድሩን ዝናብና ነፋስ ቦርቡረውታል። የሸክላ ኮረብታ፣ ገደል፣ ደረቅ ወንዝ እንጂ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። መንገዱን የሚያሳዩት እዚህም እዚያም የተተከሉ ካስማዎች ናቸው። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጫማ ሥር ተለጥፎ አላራምድ ይላል፤ ካልጣለ ደግሞ የሚጠጣ የለም።

አባትየው በወጣትነቱ ሄዶበታል። እናትየዋ ጉድጓድ ካለበት ከምሥራቅ በኩል እንነሳ ስትለው «እኔ የረገጥኩትን መንገድ ወረቀት አያስተምረኝም» ብሎ ካርታውን ወርውሮት ነበር። ጠቡ የተጀመረው በዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ እናትየዋ መስፊያ ክፍሉን እግሬ አይረግጠውም ብላለች። በቤቱ ውስጥ ወሬ የሚያልፈው በልጅቷ በኩል ብቻ ነው።

ልጅቷ ሦስቱ አንድ ድንኳን ውስጥ ካደሩ ኩርፊያው ያልቃል ብላ ታምናለች። እናትየዋ ግን አንድ ቀን ልብስ እየተኮሰች «ከዚህ ጉዞ በኋላ እሱም በመንገዱ፣ እኔም በመንገዴ» ስትል ሰምታታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታመጣው መልስ ሁሉ ለስላሳ ሆነ።

ከምሥራቅ እንነሳ ለሚለው፣ እሺ ብሏል። ድንኳኑ ይቅለል ለሚለው፣ ልክ ነሽ ብሏል።

«የምልሽን እንዳለ ነው የምታደርሺው?» አለች እናትየዋ።

«እንዳለ ነው።»

«እሱ የሚልሽንስ?»

ልጅቷ ሰዓት ለማየት ቀና አለች። የግድግዳው ሰዓት ከቆመ ሰንብቷል። «እንዳለ ነው» አለች።

ምሳ ሲደርስ እናትየዋ የባሏን ሳህን ሞልታ ትሰጣታለች። ድሮ ያለ ቃሪያ አይበላም ነበር፤ ከጠቡ ወዲህ ግን ቃሪያ የሚባል አታደርግለትም፤ ሳህኑ ልክ እንደ ልጅቷ ሳህን ሆነ። ልጅቷ ሳህኑን ባዶ አድርጋ ትመልሰዋለች። ጣፈጠኝ ብሏል ትላለች። እራት ላይ ጠግቤያለሁ ስለምትል እናትየዋ አትጫናትም። ቀሚሷ ሲጠባት ግን ጎኑን ፈትታ አሰፋችላት።

አንድ ሾፌር የተቀደደ ሸራ ይዞ መጣ። ልጅቷ የግቢው በር ላይ ቆማ አባቴ የጉዞውን ድንኳን በእጁ እየሰፋ ነው፣ ሌላ ጊዜ ይምጣ ብሏል አለችው። ሾፌሩ ሰላም ብዬው ልለፍ ብሎ አለፋት። እናትየዋ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አለች።

«ሥራ በዝቶበታል። ሌላ ቦታ አሰፋ።»

ሾፌሩ ቆመ። «የኔ እህት፣ በኩርፊያ ገበያ ይባረራል?»

«ይባረራል።»

ሾፌሩ ሳቀና ሸራውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተመለሰ። ልጅቷ ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። እናቷ አባቷን ይህን ያህል ጠልታዋለች ማለት ነው።

እናትየዋ ለስንቅ ብላ ሱቅ ወረደች። ደረቅ ብስኩት፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ ገዛች። ባለሱቁ ድንጋዩን ለምን እንደምትፈልገው ከዚህ በፊትም ጠይቋታል፤ ለግድግዳ ሰዓት ብላዋለች።

«እናንተ ቤት ሰዓቱ ድንጋይ ቀለቡ ነው እንዴ?» አላት።

«ሆዳም ነው» አለችና መልሷን ሳትቆጥር ወጣች።

ማታ ለውሃው ጄሪካን ማንገቻ ሰፋችለት። ልጅቷ ማንገቻውን ለካችው። «ለአባቴ ያጥረዋል።»

«ይበቃል።»

የመነሻው ቀን ጠዋት ቦርሳዎቹ በረንዳው ላይ ተደረደሩ። ጄሪካኑ አጠገባቸው ቆመ። አልጋዎቹ ተነጥፈዋል፣ መስኮቶቹ ተዘግተዋል። ከመስፊያ ክፍሉ የሬዲዮው ድምፅ ይሰማል፤ ዛሬ ሰለል ብሏል።

«አባትሽን ጥሪው» አለች እናትየዋ። «ፀሐይዋ ሳትበረታ።»

ልጅቷ ግቢውን አቋረጠች። ገብታ ቆየች። እናትየዋ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ከዚያ ሄዳ እግሬ አይረግጠውም ያለችውን ክፍል በር ገፋችው።

ልጅቷ መሀል ወለሉ ላይ ብቻዋን ቆማለች። የስፌት መኪናው አቧራ ለብሷል። መርፌው ላይ ሸረሪት ድር አድርታለች። ትልቁ የጀርባ ቦርሳ ይሰቀልበት የነበረው ምስማር ባዶውን ነው፤ ኮት የለም፣ ጫማ የለም።

«ቀድሞ ሄዷል» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር። «ጉድጓዱ ጋ እጠብቃችኋለሁ አለ።»

እናትየዋ ሬዲዮውን ከመደርደሪያው አወረደች። የተሰበረውን ክዳን የያዘውን ላስቲክ እንደለመደችው ሳታይ ፈታችው፤ ከኪሷ አዲስ ድንጋይ አውጥታ የደከመውን ቀየረች፤ ላስቲኩን መልሳ አሰረችና ሬዲዮውን ቦታው አስቀመጠችው። ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

ከዚያ ወደ በረንዳው ሄደች፣ አባትየው እሸከመዋለሁ ያለውን ውሃ አዘለች፣ በግቢው በር ወጣች።