ፊት የሚያሳምረው ስልክ

ሲብዱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ዋጋዱጉ ውስጥ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ሁልጊዜ እሑድ ራሷን ፎቶ አንስታ አቢጃን ላለችው ልጇ ለናፊሳቱ ትልካለች። አዲሱ ስልክ ግን የሲብዱ እናት በልጅነቷ በምላጭ ያወጣችላትን የጉንጭ ጠባሳ መስመሮች ከፎቶው ላይ እየደመሰሰ አስቸገራት።

«እማዬ፣ ስልኩ ፊትን በራሱ ያሳምራል፤ ማሳመሪያውን አጥፊው» አለቻት ናፊሳቱ ስትደውልላት።

«ማን አሳምርልኝ አለው?» ብላ አጠፋችው። እንደገና ራሷን አነሳች። ፎቶው ላይ ጉንጮቿ አሁንም ልሙጥ ናቸው። ፊቷን በእጇ ዳበሰችው፤ እሱም ልሙጥ ነው።

ደንግጣ ለልጇ በቪዲዮ ደወለች። ናፊሳቱ ትክ ብላ አየቻት።

«ይቅርታ እትዬ፣ ስልኩን ለእናቴ ይስጡልኝ።»

«እኔ ነኝ እኮ፣ ልጄ!»

ናፊሳቱ ወደ ባሏ ዞረች። «አንዲት ሴትዮ የእማዬን ስልክ ይዛለች» አለችው።