ሰሚ ቁጥር አንድ

አዝራሩን እጫናለሁ። ከመስታወቱ ወዲያ፣ የውጭ ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ፣ ጋሽ ጸጥታ እጃቸውን ያነሳሉ።

አሁንም እጫናለሁ። ያነሳሉ። በማዳመጫው የምልክላቸው ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹን እኔ ራሴ በሃያ ስድስት ዓመቴ የምሰማቸው ትንፋሼን ውጬ ነው። እሳቸው በስልሳቸው አንድም አልሳቱም።

ደንቡ በየመሃሉ ድምፅ የሌለው ባዶ አዝራር ተጫን ይላል። እጫናለሁ።

እጃቸውን ያነሳሉ።

ሌላ ባዶ። ያነሳሉ፤ ፈገግም ይሉልኛል።

ጋሽ ጸጥታ ያልናቸው እኛ ተማሪዎቹ ነን፤ ቀረጻ በተጀመረ ቁጥር "ጸጥታ!" ብለው ስለሚያስደነግጡን። የዚህ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ናቸው። ግድግዳውን በስፖንጅ የለበጡት በገዛ እጃቸው ነው። እዚህ በተሠሩ ዘጠኝ የመመረቂያ ጥናቶች ላይ "ሰሚ ቁጥር አንድ" ተብለው ተመዝግበዋል። የእኔ አሥረኛው ነው። በወሩ መጨረሻ ጡረታ ስለሚወጡ አሥራ አንደኛ የለም። ዛሬ ሸሚዝ አስተኩሰው ነው የመጡት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚመረመር ሰው ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ መቀመጥ አለበት። ትልቅ ሰውን "ፊትዎን ያዙሩልኝ" ማለት ከብዶኝ ተውኩት።

ከባዱን በር ገፍቼ እገባለሁ። ማዳመጫውን ከጆሯቸው ያወርዳሉ።

"እህሳ? ጆሮዬ እንደ ድመት አይደለም?"

"ጋሼ..."

ፊቴን ያዩታል። "ነቃህብኝ።"

"ባዶውን ስጫን እጅዎን አነሱ።"

"ምን ላድርግ፤ አዝራር ስትጫን ትከሻህ ዝቅ ይላል። ይሄን ትከሻ ይዘህ ነው ሰው የምትፈትነው?"

ልስቅ እሞክርና ያቅተኛል። እሳቸውም ጨዋታውን ይተዉታል። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

"ካምና ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ።" መነጽሩን መልሰው ያጠልቃሉ። "አሥር ልድፈን ብዬ ነው እንጂ ልዋሽህ አልነበረም። ዘጠኝ ላይ ሲቆም አንድ ነገር የጎደለ ይመስላል።"

ሠላሳ ሰሚዎች አሉኝ፤ የአንዱ መልስ ውጤቱን ብዙም አያናጋው ይሆናል። ባስገባቸው ማንም አያውቅብኝም። ግን የእጅ ሰዓቴ ቀጭ ቀጭ ሲል ማይኩ ውስጥ ገብቷል ብለው የአንድ ቀን ቀረጻ ሙሉ ያስጣሉኝ እኚሁ ሰውዬ ናቸው። ያን ቀን ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር። እሳቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው እንደገና አስቀረጹኝ።

የማስበውን ያወቁብኝ ይመስለኛል፤ ይነሱና ወንበሩን ራሳቸው ያዞሩታል።

"በል ውጣ። አሁን በደንቡ።"

እወጣለሁ። አዝራሩን እጫናለሁ። ጀርባቸው አይነቃነቅም። እጫናለሁ። እጃቸው የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጋደም እንዳለ ነው። ወፍራሞቹ ድምፆች ጋ ስንደርስ ብቻ ከፍ ይላል፣ መልሱን እንዳወቀ ተማሪ ቀጥ ብሎ።

"ወደቅኩ?" ይላሉ በማይኩ፣ ሳይዞሩ።

"ለዚህ ጥናት... አዎ ጋሼ።"

"ባለቤቴ እንዳትሰማ አደራ። ሠላሳ ዓመት 'አትሰማኝም' ስትለኝ ኖራለች። በጥናት ተረጋገጠልኝ ብላ ጎረቤት ትሰበስባለች።"

"ቁጥር አንድን ባዶ እተወዋለሁ" እላለሁ። "ከሁለት እጀምራለሁ።"

ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። "በል እሺ። መዝገቡ ቢቀር ጥናትህ አይቅርብኝ። አሰማኝ።"

ጥናቴ እንዲህ ነው፤ ሰዎች የተናገሩትን እቀዳና ቀጭኑን ድምፅ በሙሉ አጣራዋለሁ። የሚቀረው ከግድግዳ ጀርባ እንደሚሰማ ወሬ ያለ ነው፤ ቃሉ አይያዝም፣ መውጣት መውረዱ ብቻ ይሰማል። ሰሚው ተናጋሪው ተቆጥቶ፣ አዝኖ ወይም ወድዶ እንደሆነ ይነግረኛል። ያለ ቃል ሰው ሰውን ምን ያህል ያውቃል? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን እከፍታለሁ። "ይሄ የታፈነው ነው ጋሼ።"

"ምኑ ነው የታፈነው?"

"ድምፁ። ያልታፈነው ደግሞ ይሄውልዎት።"

ሁለቱንም ያደምጣሉ። "ለእኔ ያው ናቸው። አሁን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያወራኝ።"

እጄ አዝራሩ ላይ ይቀራል። ስምንት ወር ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ የሠራሁት ድምፅ ውስጥ እሳቸው ዓመት ኖረውበታል።

"ሰውየው ደግሞ አዝኗል" ይላሉ። "ቀጥል።"

ትክክል ናቸው። ሁለተኛውንም ያገኙታል፣ ሦስተኛውንም። ስድስተኛው ላይ "ይቺ ለይምሰል ነው የተቆጣችው" ሲሉኝ ወረቀቴን አያለሁ፤ ለእንዲህ ያለ መልስ ቦታ አላዘጋጀሁም። ጠርዙ ላይ በእርሳስ እጽፈዋለሁ።

ሰባተኛው የአንዲት ሴት ድምፅ ነው። ሴትዮዋ ባለፈው ወር ጋሼ ቤት ረስተውት የወጡትን መነጽር ይዘው አራት ፎቅ በደረጃ ወጥተው መጡ። ጋሼ ስፖንጅ ሊገዙ ወጥተው ነበር። እስኪመለሱ አንድ ነገር ይናገሩልኝ ብዬ ማይኩን ባስጠጋላቸው፣ "ዓይኑን ረስቶ ይወጣል፣ ከዚያ እኔ ጉልበቴን ይዤ እከተለዋለሁ" አሉ። ከዚያ ሁሉ አሁን አንድም ቃል የለም። መውጣት መውረዱ ብቻ ቀርቷል።

እከፍተዋለሁ።

ጀርባቸው ቀጥ ይላል። መልስ እጠብቃለሁ። ማንም ሳይጠይቃቸው እጃቸው ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ድምፁ ካለቀ በኋላም እንደተነሳ ይቆያል።