የበራችን ፎቶ

ልጄ ሃይሚ የሶዶን በሮች በፎቶ እያጠናች ሥራዋን ኢንተርኔት ላይ ታወጣለች። ዛሬ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ልታቀርበው ስትነሳ፣ ከፎቶዎቹ መሃል የእኛን በር አሳየችኝ። ፎቶው ላይ በራችን ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል።

«ምነው ቆለፍሽው? ሰው የሌለበት ቤት አስመሰልሽው እኮ።»

«ክፍቱን ነው ያነሳሁት እማ። አንቺም ደጃፉ ላይ ቆመሽ ነበር።»

«እንግዲያው አጥፊው።»

«ትናንት ኢንተርኔት ላይ አወጣሁት። ድረ ገጹ አንዴ ከወጣ እኔም እንድነካው አይፈቅድም።»

ያለን ጓጉንቸር አንድ ነው። ከውስጥ፣ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ አውርጄ ያዝኩት።

«አንቺ ደግሞ መጥፎ መጥፎው ብቻ ነው የሚታይሽ» ብላ ሳቀችብኝ። የቀጠረችው ባጃጅ ጥሩምባ ሲሰማ ቦርሳዋን አንስታ በሩን ገፋችው። አልተከፈተም። አብሬያት ገፋሁ፤ ከውጭ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማን።

«ታምራት! ክፈትልን!» ብላ ባለባጃጁን ጠራችው።

ኮቴው እስከ ደጃፉ መጣ። ሃይሚ እየጮኸች፣ እኔም በያዝኩት ጓጉንቸር በሩን እየደበደብኩ፣ ጎረቤታችንን አስካለችን ሲያናግራት ሰማነው።

«ቆልፈው ወጥተዋል እኮ።»

«ለእኔ ሳይነግሩኝ?» አለች አስካለች።

ባጃጁ ተነስቶ ሄደ።