ከል ለመኪና

መኪና በማስጌጥ የሚተዳደረው ደሳለ፣ ልጅ ሳለ ለቅሶ ቤት ሁለት ሽማግሌዎች የሟች በቅሎ ጥቁር ትልበስ፣ አትልበስ ሲባባሉ ሰምቶ ነበር። «እሷ ሐዘኑን ምን ታውቃለች?» ያለው አንደኛው ነው፤ የሌላው መልስ ጠፍቶበታል። ፍላቂት ከተማ ላይ ከአንድ ሚኒባስ ኋላ በርከክ ብሎ፣ የቀኙን የኋላ መብራት በስስ ጥቁር ላስቲክ ሲሸፍን ያ ክርክር ትዝ አለው። ከላስቲኩ ሥር የቀረውን የአየር አረፋ በአውራ ጣቱ ገፍቶ አወጣና ቀና አለ።

«ኢያቄም፣ ይኸ መኪና በጉም ውስጥ ነው የሚሄድ። ከኋላ የሚመጣው በምን ያይሃል?»

ሾፌሩ ኢያቄም ፀጉሩን ተላጭቷል። ረዳቱ የነበረውን ታናሽ ወንድሙን፣ ባለፈው ወር ከሚኒባሱ ጎማ ሥር ድንጋይ ሊያደርግ ጉሙ ውስጥ ወርዶ ሳለ፣ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ገድሎታል። «መኪናውም ከል ይልበስለት» ብሎ ነው ያመጣው።

«ያን ቀን መብራቱ በርቶ ነበር፣ ጋሽ ደሳለ። ምን አደረገለት?»

ደሳለ የግራውን ላስቲክ እንደያዘ በልቡ ኪዳነ ምሕረትን ጠራ። ኢያቄም የፈለገው መኪናውን ከል ማልበስ ብቻ ሳይሆን፣ ያ የጭነት መኪና ለእሱም እንዲመጣለት መሆኑ ያን ጊዜ ገባው።

«ወንድምህ የት ነበር የሚቆም?»

ኢያቄም የተሳፋሪውን በር አሳየው። «እዚህ። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ‹ወልድያ! ወልድያ!› እያለ።»

«እንግዲያ ከሉ የዚህ መስኮት ነው።»

ኢያቄም የመስኮቱን መስታወት በእጁ ዳሰሰ።

«እሺ» አለ። «የመብራቱን ላስቲክ ግን እኔው ራሴ ልላጠው።»