ኩባያው ሥር የወረደች ዛጎል

«የሥጋው ሽታ ተለውጧል ብላቸው፣ የተለወጠው አፍንጫሽ ነው አሉኝ። አንተም እንደነሱ ልትለኝ ከሆነ የመጣኸው፣ ዕቃህን ሰብስብና ሂድ።»

ኤኖክ ከፍሪዘሩ ጀርባ ተንበርክኮ ነበር፤ ቀና አላለም። የሞተችው እህቷ ልጅ ነው፤ በደሴቷ ላይ የተበላሸ ሞተር ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። «እኔ ምን ወጣኝ አካ? ገና ጀርባውን እያየሁ ነው።»

«ዝምታህ ነው የማያምረኝ።»

ደሴቱ ሁሉ አካ፣ አያት፣ እያለ የሚጠራት ዳላሳ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ታየዋለች። ቤቱ በረጃጅም እግሮች የቆመ ነው፤ ፍሪዘሩ ከቤቱ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጧል። ቅዳሜ የባሏ የሲሞና የመቃብር ድንጋይ ይገለጣል፤ የተሸፈነበት ጨርቅ ይወርዳል፣ ሐዘኑም ያበቃል። ከቶረስ ደሴቶች ሁሉ በጀልባ የሚመጣው እንግዳ የሚበላው የባሕር ላምና የባሕር ኤሊ ሥጋ እዚህ ፍሪዘር ውስጥ እስከ አፉ ታጭቋል። ከዚህ ሥጋ በልቶ አንድ ሕፃን እንኳ ሆዱን ቢይዝ፣ በአዲሱ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ስም ማንም በደግ አያነሳውም።

ኤኖክ የሞተሩን አቧራ በብሩሽ ጠረገ። ቁራጭ ወረቀት በክዳኑ ጎማ መሀል አድርጎ ዘጋና ሳበው፤ ወረቀቱ እንቢ አለ። ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጠፈ። በመጨረሻ ሥጋው መሀል የሸጎጠውን የሙቀት መለኪያ አውጥቶ አሳያት።

«እኔ ቁጥር አላነብም። በአፍህ ንገረኝ።»

«ጤነኛ ነው። ከኔ ይሻላል።»

«ካንተ የማይሻል ማን አለ?» ዓይኗን አጠበበች። «እንዲህ በላት ያለችህ ሎርና ናት?»

ሎርና የልጇ ሚስት ናት። ሰሞኑን ዓይን ለዓይን መተያየት ትታለች። አካ ከመቃብሩ ስትመለስ ከቤቱ ሥር ኮቴ ይሰማል፤ ቀጥሎ ደረጃው ላይ ሩጫ፤ ከዚያ ጸጥታ። አፍንጫሽ ነው ያለቻትም እሷ ናት፤ በረንዳ ላይ የነበሩት ዘመዶችም ስቀው አጀቧት።

«ሎርና በፍሪዘር ነገር ምን አገባት?»

«እሱን ነው እኔም የምለው። በል፣ ከኤሊው ሥጋ በላይ ያለውን ኩባያ አውጣልኝ።»

አወጣው። ውስጡን የሚያሳይ፣ በረዶ የሞላው የላስቲክ ኩባያ ነው። አካ ዓይኗን ለመታከም ወደ ተርስዴይ ደሴት ሄዳ ነበር። ከመሄዷ በፊት ኩባያው ውስጥ ውሃ አረጋችና በረዶው አናት ላይ አንዲት ነጭ ዛጎል አስቀመጠች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ዛጎሏ አሁን ኩባያው ውስጥ እታች ወርዳለች። በረዶው ከላይ ዘግቶባታል።

ኤኖክ ኩባያውን ወደ ብርሃን አነሳው። ፈገግታው ጠፋ። «ቀልጦ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ቀልጦ እንደገና ረግቷል።»

«አፍንጫዬ ነው?»

«መብራት ሄዶ ይሆናላ።»

«መብራት ቢሄድ ላይ ቤት ያለው የምድጃው ሰዓት ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ከተርስዴይ እንደገባሁ አይቼዋለሁ፣ አይልም። እሱን ለማየት ደግሞ ትምህርት ቤት አያስፈልግም።»

ኤኖክ ሥጋውን ገላለጠ። በላይኞቹ ከረጢቶች ውስጥ ደሙ ወደ ጥግ ወርዶ እዚያው ረግቷል፤ የሥረኞቹ ግን እንደ ድንጋይ ደርቀዋል፣ ንጹሕ ናቸው። «የባሕር ላሙ ተርፏል» አለ። «ኤሊው ነው የተነካው።» ከዚያ ገመዱን ተከትሎ ግድግዳው ዘንድ ደረሰና ሶኬቱን ነቀለው። የሶኬቱ ጥርስ ላይ ክር ተጠምጥሟል።

አካ ክሩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ቢጫ። ሲሞና ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት ደማቅ ነገር የለበሰ የለም።

«ሎርና!»

ሎርና ደረጃውን እየወረደች በኤኖክ እጅ ያለውን ሶኬት ስታይ መሀል ላይ ቀጥ አለች።

«አካ፣ እኔ...»

«አንቺ ምን?»

«ኤክስቴንሽኑን ወንዶቹ ለመቃብሩ መብራት ወሰዱት። እዚህ ያለው መሰኪያ ደግሞ አንድ ነው። ለስፌት መኪናዬ... ሁሌ ወዲያው መልሼ እሰካው ነበር። እርስዎ ተርስዴይ የሄዱ ዕለት ግን ሌሊቱን ሙሉ ስሰፋ አደርኩ። በአንድ ሌሊት ይቀልጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ለማን ነው እንዲህ የሚሰፋው?»

ሎርና ወደ ላይ ሮጠች። ስትመለስ በቢጫው ላይ ቀይ አበባ የፈሰሰበት ቀሚስ ታቅፋለች። «ቅዳሜ ጥቁሩን ሲያወልቁ የሚለብሱት ነው። ቀድመው እንዳያዩብኝ ብዬ ነው ላይ ቤቱን ትቼ እዚህ ተደብቄ የሰፋሁት።»

አካ አመሰግናለሁ አላለችም። ተነስታ ቀሚሱን ከለበሰችው ጥቁር በላይ ደረቷ ላይ ዘረጋችው። እሷን የመሰለች ሌላ ሴት ጨምሮ ይይዛል።

«ልኩን ከየት አመጣሽው?»

«ሣጥን ውስጥ ካለው፣ ከድሮው ቀሚስዎ።»

አካ ከጎኗ አልፎ የተረፈውን ጨርቅ በእጇ ዳሰሰችው፤ ቶሎም አልጨረሰችውም። ኤኖክ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

ከዚያ ሶኬቱን ከእጁ ነጠቀችና ራሷ ሰካችው። ሞተሩ አንዴ ነዘረና ማጉረምረሙን ቀጠለ።

«አንተ፣ ኤሊውን ውሻ እንዳያገኘው አርቀህ ቅበረው። ልጄንም የባሕሩ ውሃ ከዳርቻው ሳይሸሽ ጀልባውን አውጣ በለው። ቅዳሜ ኤሊ እፈልጋለሁ።» ቀሚሱን ለሎርና መለሰችላት። «አንቺ ደግሞ ግራና ቀኙን አጥብቢው።»

«እሺ አካ» አለች ሎርና፤ ዓይኗ ሳታስበው ወደ መሰኪያው ሄደ።

አካ ሳጥኗን ጎትታ መሰኪያውን በጀርባዋ ጋርዳ ተቀመጠች።

«በእጅሽ» አለቻት። «በመርፌ። እዚሁ፣ እያየሁሽ።»